«አባትህን ሆንክ» አለችኝ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱን መርጫለሁ። አንዱ ከአዘዞ፣ አንዱ ከማራኪ ነው። ሳይነጋገሩ ሁለቱም ስለ ልጅነት ጻፉልኝ። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፣ እኔም አልጠቅስም። የመጀመሪያው ረጅም ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 38 ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ቤት ሲገባ ሁላችንም ጸጥ ነበር የምንለው። የእግሩን ኮቴ ስንሰማ እንበታተናለን። በልምጭም በቀበቶም ገርፎኛል፣ አንድ ቀን በርበሬ አጥኖኛል። አንድም ቀን ግን ‹ጎበዝ› ብሎኝ አያውቅም። ሲያለቅስ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በራዲዮ ሲተርክ። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመቱ ልጄ ብርጭቆ ሰበረ። ምንም አላልኩትም፤ ገና ቀና ብዬ ሳየው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ማታ ባለቤቴ ‹አባትህን ሆንክ እኮ› አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጓደኞቼ ቡና ላይ ሳነሳው አንዱ ‹ዘር ከልጓም ይስባል፣ ዝም ብለህ አትድከም› አለኝ። እውነት ነው? ሰው ያደገበትን ሆኖ ነው የሚቀረው? እርስዎ መጽሐፍ ስለሚያነቡ ይንገሩኝ።» (ከአዘዞ)

መልስ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ። ልጅህ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አይተኸዋል። አይተህም እንቅልፍ አጥተሃል። አባትህ አንተን እንደዚያ ሲያይህ እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም፤ ያንተን ግን ጽፈህልኛል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል እኔም እየሰማሁ ነው ያደግኩ። ተረቱ የሚያወራው ስለ ደም ነው። አንተ የነገርከኝ ግን የደም ነገር አይደለም፣ የትምህርት ነገር ነው። ልጅ አማርኛን ማን ቁጭ አድርጎ ያስተምረዋል? ማንም። ቤት ውስጥ እየሰማ ይይዘዋል። ቁጣም እንዲሁ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ ከአባትህ ቤት ተምረሃል፣ እና ይኸው ከ30 ዓመት በኋላ ብርጭቆ ሲሰበር አንተ ገና ሳታስበው ዓይንህ የለመደውን አደረገ። ቋንቋ ደግሞ በልጅነት ብቻ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ በ38 ዓመትም አዲስ ይለመዳል፣ አፍ የሚፈታበትን ያህል ግን ቀላል አይሆንም።

አባትህን ያስለቀሰውን መጽሐፍ ስላነሳህልኝ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ስለዚህ ጉዳይ ከሱ የተሻለ መጽሐፍ በአማርኛ አላውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ነው ያሳተሙት። ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በየጊዜው ሳነበው ወላጆቹ ላይ ነው የምቆመው። በዛብህን ያየህ እንደሆነ፣ ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ሕፃኑ ታሞ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ሳያገባ፣ ሴት ሳያውቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል። ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ ሕይወቱ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚጣላው ከሰው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከስለቱ ጋር፣ ማለትም ከእናትና ከአባቱ ፍቅር ጋር ነው የሚጣላው። ይህን ነገር ልብ በልልኝ። የጎዱት በጥላቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ ስለሚወዱት ነው።

ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ ልጃቸውን አይጠሉም። ሰብለ ወንጌልን የጠየቀ ሁሉ በዘር አይመጥናትም እያሉ ሲመልሱ፣ የማግባቷ ጊዜ አለፈ። ለእሷ ያሰቡ ነው የሚመስላቸው። እሳቸውም ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሥርዓት ነው የሚጠብቁት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እንደ ጓደኛህ አባባል ከሆነ በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ መሸሻን መሆን ነበረበት። ግን ጉዱ ካሳ አለ። ከዚያው ከመኳንንቱ ወገን ነው፣ ዘመዳቸው ነው፣ ያንኑ ወግ እየሰማ ነው ያደገው። እሱ ግን የዘር ልዩነቱን አልቀበልም አለ፣ ሰውም «ጉዱ» አለው። ደራሲው ይህን ሰው እዚያው ቤት አጠገብ ያስቀመጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጉዱ ካሳ ዋጋ ከፍሏል፣ እንደ እብድ ተቆጥሯል፤ የተወረሰን ነገር አልፈልግም ማለት ነጻ አይደለም። ይቻላል ግን።

አንዳንዴ እዚህ ጎንደር ፒያሳ በአጼ ቴዎድሮስ ሐውልት ሥር ሳልፍ ይኸው ሐሳብ ይመጣብኛል። ቋራ ተወለደ፣ አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፣ እናቱ ተቸግራ ኮሶ ትሸጥ ነበር ይባላል፣ ባላንጣዎቹም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ብዙ ሰው የቴዎድሮስን ቁጣ ሁሉ በዚህ ስድብ ሊፈታው ይሞክራል። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን አባት የሞተበትና እናቱ የተቸገረችበት ልጅ ስንት ነበር? ሁሉም በ1847 ዓ.ም. አልነገሠም፣ ሁሉም ጨካኝ አልሆነም። ልጅነት ብዙ ነገር ይነግረናል፣ ሁሉን ግን አይነግረንም፤ «ልጅነቱ ነው» ብሎ ሰውን መዝጋት «ዘሩ ነው» ከማለት ብዙም አይሻልም።

ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ጥናት እንምጣ። ኤሚ ወርነር የምትባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በሃዋይ ደሴቶች በካዋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ከማኅፀን ጀምሮ እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትላለች። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በድህነት፣ በጠብና በመጠጥ በተበላሸ ቤት ነው ያደጉት። ከነዚህ ብዙ ችግር ከተደራረበባቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ ሥራ ያላቸው፣ ትዳራቸውን የያዙ፣ ሰው የሚወዱ ደህና ሰዎች ሆኑ። ምን አዳናቸው? ብዙ ነገር ተገኝቷል። ደጋግሞ የመጣው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከልቡ የሚወዳቸው ቢያንስ አንድ የሚተማመኑበት ሰው። ወላጅ መሆን የለበትም። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰችኝ የጎረቤታችን አሮጊት ናት። የእኔም አባት እንደ አንተ አባት ነበር። ከተገረፍኩ በኋላ የምሮጠው ወደ እሷ ነው። ምንም አትለኝም። ምድጃ አጠገብ ታስቀምጠኝና ቆሎ በእጄ ትሰፍርልኛለች፣ ከዚያ «ዛሬስ ምን ተማርክ?» ትለኛለች፣ ምንም እንዳልሆነ። ዛሬ ሳስበው አባቴን ሆኜ ያልቀረሁት በእሷ ነው። አንተስ? አንድ ሰው ይኖርሃል። እስቲ አስበው። ስታገኘው የዚያን ሰው አነጋገር አስታውስና ለልጅህ ተጠቀምበት፤ ከባዶ አትጀምርም ማለት ነው።

ሁለት ነገር አድርግ እላለሁ። ልጅህን ዛሬውኑ አጠገብህ አስቀምጠህ «ባለፈው ስታየኝ ፈርተህ ነበር፣ ይቅርታ ልጄ» በለው። «አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» የሚሉህ አይጠፉም። አትስማቸው። ብርጭቆ መሰበሩ አይቀርም፣ አንተም መቆጣትህ አይቀርም፤ ግን ከቁጣ በኋላ አባት ተመልሶ እንደሚመጣ ይወቅ። ሌላው፣ አባትህ በሕይወት ካሉ ሄደህ ስለ ራሳቸው ልጅነት ጠይቃቸው። ለመውቀስ አይደለም። በዛብህን በራዲዮ ሲሰሙ ለምን እንዳለቀሱ ጠይቃቸው። እኔ አባቴን ሳልጠይቀው ነው የሞተው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦

«ዓረብ አገር 5 ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ስሄድ ልጄ 2 ዓመቷ ነበር፣ ለእናቴ ሰጥቻት ነው የሄድኩ። አሁን እናቴን ‹እማ› ትላለች፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ላቅፋት ስል ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ጋ ትሸጎጣለች። ለእሷ ብዬ ነው የተሰደድኩ፣ አሁን ግን ልጄን ያጣኋት ይመስለኛል። ወደ ራሴ ቤት ወስጄ ብቻዬን ባሳድጋት አይሻልም?» (ከማራኪ)

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። አላጣሻትም። ፊቷን ማዞሯ አልወድሽም ማለቷ አይደለም።

ይህን ነገር ከ70 ዓመት በፊት ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦውልቢ የሚባሉ የብሪታንያ ባለሙያዎች በሆስፒታል ተመልክተውታል። በዚያን ጊዜ ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ወላጅ እንደ ልቡ አይገባም ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ይጮኻሉ። ከዚያ ጭጭ ይላሉ፣ ያዝናሉ። በመጨረሻ የለመዱ ይመስላሉ፣ ነርሷ ያኔ «ተረጋጋ» ትላለች። እናት ስትመጣ ግን ልጁ እንደማያውቃት ዝም ይላታል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል። የጎዳውን ነገር እንዳይነካው ልቡን ዘግቶታል። ያንቺ ልጅ ደግሞ የ2 ዓመት ልጅ ሆና ነው የተለየሽ፣ ለሳምንታት ሳይሆን ለ5 ዓመት።

ቦውልቢን የምጠቅሰው ለሌላም ነገር ነው። እሱን ያሳደገችው ሞግዚት ነበረች፣ 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሥራ ለቃ ሄደች፣ ያንን እናት እንደማጣት ነበር የሚቆጥረው። አሁን እናትሽን አስቢ። ልጅሽ አንዴ እናቷን አጥታ የተጣበቀችባት ሰው ናት። አሁን ነጥለሽ ብትወስጂያት ሁለተኛ እናቷን ታጣለች። አታድርጊው።

የቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን ታውቂያለሽ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ሲወስዱት 7 ዓመት ገደማ ነበር፣ ልክ እንደ ልጅሽ። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተች። ካፒቴን ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ አማርኛ ይችል ነበር፣ ልጁ እሱን ተጠግቶ ለመደው። በኋላ ከሱም ለይተው ወደ ትምህርት ቤት ላኩት። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ታሞ ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ። በሽታ ነው የገደለው፣ ብቸኝነት ገደለው አልልም። ግን ያ ልጅ የያዘውን እጅ ሁሉ ሲያስለቅቁት ነው የኖረው፣ እሱን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

ስለዚህ እናትሽ ጋ ግቢ፣ ወይም እናትሽን አንቺ ጋ አምጪ። «እማ» በይኝ አትበያት። በስምሽ ትጥራሽ። ሹሩባ ስትሠራ እናትሽ ትሥራት፣ አንቺ ቅቤውን አቀብይ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንቺ ሥሪ፣ እናትሽ ታቀብል። ማታ እናትሽ ተረት ስትነግራት አንቺም አብረሽ አዳምጪ፣ አንዱን ተረት አንቺ ጨርሺው። እናትሽም «እናትሽ መጣች እኮ» ትበላት፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። ወራት ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዓመት በላይ። ማልቀስሽ ካልቀረ ለእናትሽ አልቅሺ፣ ልጅቷ ፊት ሳይሆን።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱ። የማንን እጅ ይዛ እንደምትገባ እሷ ትምረጥ።