የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሉፊ ውጊያ ለምን ተለወጠ?

ጥያቄ፦ «ዋን ፒስ» የተሰኘውን የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ከመጀመሪያው ጀምሬ እያነበብኩ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የሉፊ ውጊያ እየቆየ የተለወጠው ለምንድን ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተም ሥራ በአንድ ዓይነት ቡጢ ሊዘልቅ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ድል የሚገኘው በአብዛኛው በብልሃት ነበር፤ ሉፊ ሰውነቱ አሸዋ በሆነው በክሮኮዳይል ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ያሸነፈው፣ እርጥበት አሸዋውን እንደሚያስይዘው ተረድቶ፣ በገዛ ደሙ በራሰ ቡጢው ነው። ወንድሙ ኤስ ዓይኑ እያየ ከሞተ ወዲህ ግን ድክመቱን አምኖ ሁለት ዓመት በመምህር ሥር ሠልጥኗል። (በእናንተ በጎጃም ቅኔ ቤትስ አጭሩን ቅኔ ጉባኤ ቃናን ሳይቆጥር ረጅሙን መወድስ የሚዘርፍ ተማሪ የት አለ?) ከዚያ በኋላ «ሃኪ» የተባለው ኃይል ውጊያውን አግዝፎታል፤ እኔ ግን የቀድሞውን ብልሃት እመርጣለሁ።