ለጁስ ቤት የትኛው ሉዶ ይሻላል? ስለ ሰሌዳዎቹ ዓይነትና ስለ ሕጋቸው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ላለው ጁስ ቤትሽ አራት ሉዶ ልትገዢ ነው። ገበያ ላይ የሚታጠፍ የካርቶን፣ ማግኔት ያለው፣ መስታወት የለበሰ የእንጨት፣ እንዲሁም ዳይሱ የፕላስቲክ ጉልላት ውስጥ የተዘጋ አየሽ። ከአሜሪካ ደግሞ ዘመድ "ፓርቺዚ" ልኮልሽ ሕጉ ከምናውቀው ሉዶ ጋር አልገጥም አለሽ። የትኛውን ልውሰድ ነው ያልሽው።

ሰሌዳውን ከመምረጥሽ በፊት ሕጉን ወስኚ። ደንበኛን ከሉዶ የሚያስነሳው የሰሌዳው ጥራት ማነስ አይደለም፤ ስድስት መጠበቅ ነው። በተለመደው ሉዶ ጠጠር ከቤት የሚወጣው 6 ሲመጣ ብቻ ስለሆነ በአንድ ውርወራ የመውጣት ዕድል ከ6 አንድ ነው። ስድስቱ ቢመጣ ባይመጣ እያለ 10 ተራ ሙሉ አንድም ጠጠር ሳያወጣ የሚቀመጥ ሰው ከ100 ውስጥ ወደ 16 ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት አራት ከሆኑ፣ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ እንደዚያ የመሆኑ ዕድል ግማሽ ነው። ከሁለት ጨዋታ በአንዱ አንድ ሰው 10 ዙር ሙሉ የሌሎቹን ሩጫ እያየ ይቀመጣል ማለት ነው። ስልኩን አውጥቶ ጎንበስ ሲል ያየሽው ደንበኛ እሱ ነው።

ልዩ ልዩ ዓይነቶቹ በዋናነት የሚለያዩትም ይህን ችግር በፈቱበት መንገድ ነው። ሁሉም የሕንዱ ፓቺሲ ልጆች ናቸው። ፓቺሲ በዛጎል የሚጣል ጨዋታ ሲሆን ስሙ በሂንዲ 25 ከሚለው ቁጥር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 አሜሪካ ውስጥ "ፓርቺዚ" የሚለው ስም በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። በ1896 እንግሊዝ ውስጥ በጣም ቀለል ብሎ፣ በአንድ ዳይስ፣ "ሉዶ" ተብሎ የፈጠራ መብት ወጣለት። ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍሪድሪክ ሽሚት ደግሞ ከ1914 ጀምሮ በብዛት ያሳተመው ዓይነት አለ፤ ስሙ ወደኛ ሲመለስ "ሰው ሆይ፣ አትናደድ" ማለት ነው። ሊደርስ ሁለት ካሬ ቀርቶት የተበላ ሰው ስሙን በደንብ ይረዳዋል።

ዘመድ የላከልሽ ፓርቺዚ የሚጫወተው በሁለት ዳይስ ነው፤ ጠጠር የሚያወጣውም 6 ሳይሆን 5 ነው። ከሁለቱ ዳይስ አንዱ 5 ቢመጣ ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር 5 ቢሆንም ይወጣል (1 እና 4፣ ወይም 2 እና 3)። ሲቆጠር ከ36 ውጤቶች 15ቱ ያስወጣሉ፤ ከ100 ወደ 42 ነው። የጀርመኑ ዳይሱን አንድ አድርጎ፣ የሚወጣውንም በ6 ትቶ፣ ሰሌዳው ላይ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር የሌለው ተጫዋች በአንድ ተራ እስከ ሦስት ጊዜ እንዲጥል ይፈቅዳል። ይህም ሲሰላ ከ216 91 ነው፤ እሱም ከ100 42። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ሄደው እዚያው ደረሱ። ይህን የሦስት ውርወራ ሕግ በተለመደው ሉዶ ላይ ብትጨምሪው፣ ቅድም ያልኩት ግማሽ ዕድል ከ100 ወደ 2 ይወርዳል። ምንም ወጪ የለውም፤ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ፓርቺዚውን እንደ ሉዶ ልጫወትበት ብትዪ ግን አይሆንም። የሉዶ ዙሪያ 52 ካሬ ነው፤ የፓርቺዚ 68። ከ68ቱ 12ቱ ጠጠር የማይበላባቸው ናቸው። የበላ ሰው 20 እርምጃ ይጨመርለታል፤ አንድ ጠጠር ያስገባ 10። በአንድ ካሬ ላይ የተደራረቡ ሁለት ጠጠሮች አጥር ይሆናሉ፤ የባለቤቱን ሌላ ጠጠር ጨምሮ ማንም አያልፋቸውም። በአንድ ዳይስ ብትጫወቺው መንገዱ ረዝሞ ያሰለቻል፤ የ20ውን ጭማሪ ብትተዪው ደግሞ ማሳደድ ዋጋ ያጣና ሁሉም መደበቂያው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከራሱ ሕግ ጋር አንድ ጠረጴዛ ስጪው። ዘወትር ለሚመጡና ማሰብ ለሚወዱ ደንበኞች፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል።

"ሶሪ" የሚባለውንም ምናልባት ያቀርቡልሽ ይሆናል። እሱ ዳይስ የለውም፤ በካርታ ነው የሚሄደው። ነባሩ 45 ካርታ አለው፦ ባለ 1ዱ አምስት፣ የቀሩት አራት አራት፤ 6 እና 9 የሉም። 4 ወደ ኋላ ይመልሳል፤ 7 ለሁለት ጠጠር ይከፈላል፤ 11 ከሌላ ሰው ጠጠር ጋር ያለዋውጣል። ከ2013 ወዲህ የወጣው እትም ለአንድ ሰው አራት የነበረውን ጠጠር ሦስት አድርጎታል፤ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ስትገዢ ጠጠሩ 12 ሆኖ ብታገኚው ጎድሏል አትበዪ፤ አዲሱ እትም ሊሆን ይችላል። ለጁስ ቤት ግን አልመክረውም። መመሪያው ካርታዎቹ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ካርታ ጁስ ሲነካው ይጣበቃል፣ ሁለት ባለ 1 ካርታ ከጠፋ ደግሞ ሰው ከቤት የሚወጣበት ዕድል ይቀንሳል። ዳይስ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ካርታው ከጠፋ ሌላ ሳጥን ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ሉዶ በቁመትም በወርድም 15 ካሬ ነው። 15 ለሁለት ስለማይከፈል የሚታጠፍ ሰሌዳ ሁሉ መታጠፊያው የሚያርፈው ስምንተኛው መስመር ላይ ነው፤ ያ መስመር ደግሞ የሁለት ተጫዋቾች ባለቀለም መግቢያ ነው። ካርቶን ሰሌዳ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ የሆነው ለዚህ ነው። ከመላጡ በፊት፣ ገና ሲገዛ፣ ሰሌዳውን አጥፈሽ ሳለ በጀርባው በኩል የጨርቅ ፕላስተር ለጥፊበት። ዘርግተሽ ከለጠፍሽው ሲታጠፍ ፕላስተሩ ይወጠርና ካርቶኑን ይዞት ይነሳል። የፊቱን ግን ዘርግተሽ በሚያሳይ ስኮች ሸፍኚው። እንዲህም ሆኖ ካርቶን ለቤት እንጂ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ቤት አይሆንም።

ማግኔቱ ጥቅሙ ነፋስ ላይ ነው። በረንዳ ላይ፣ በሐይቁ በኩል የምታስቀምጪው ጠረጴዛ ካለ አንድ ይኑርሽ። ጉዳቱ ካሬዎቹ ጠባብ መሆናቸው ነው፤ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ጠጠሮች ይሳሳቡና አንዱ ወደ ሌላው ካሬ ይንሸራተታል፤ ከዚያ "እዚህ ነበርኩ፣ አልነበርክም" ይመጣል። ስትገዢ ሁለት ጠጠር ጎን ለጎን አቁመሽ አንዱን ቀስ ብለሽ አንሺው፤ ሌላው ከተከተለው ተዪው።

ጉልላት ያለው የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ ከወጣው "ትራብል" ከሚባለው ጨዋታ ነው። ጉልላቱ ሲጫን ከሥሩ ያለው ስስ ብረት ይነጥርና ዳይሱን ያዘልለዋል። ልጆች ይዘው ለሚመጡ ደንበኞች ከዚህ የሚሻል የለም፤ ዳይሱ አይጠፋም፣ ሕፃንም አይውጠውም። የሚበላሸው ብረቱ ሲደክም ነው፤ ያኔ ዳይሱ ሳይገለበጥ እዚያው ይንቀጠቀጥና ያው ቁጥር ይደጋገማል። ሱቅ ውስጥ 20 ጊዜ ያህል ጫኚው፤ ዳይሱ በጠርዙ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ወይም ድምፁ ጠንከር ብሎ ካልጮኸ ሌላ አስወጪ።

ለዋናዎቹ ጠረጴዛዎች ግን እዚያው ሐዋሳ እንጨት ቤት ብታሠሪ ነው የሚያዋጣሽ። 9 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ)፣ የሰሌዳውን ሥዕል በስቲከር አሳትሞ መለጠፍ፣ ላዩ ላይ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ ዙሪያውን ከመስታወቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት ጠርዝ። ጠርዙ ዳይሱ እንዳይወድቅ ነው። መስታወቱ ከጠርዙ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ በሲሊኮን ማስዘጋቱን እንዳትረሺ። ያለ ሲሊኮን የፈሰሰ ጁስ በመስታወቱ ሥር ይገባል፤ ስቲከሩ ያብጣል፣ ኤምዲኤፉ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፤ ያንን መጠገን አይቻልም፣ እንደገና ማሠራት ብቻ ነው።

ልኩን ከጠረጴዛሽ ተነሺ። ካሬው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መጫወቻው 45 በ45 ነው። በ60 በ60 ጠረጴዛ ላይ በየጎኑ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ የጠርዙ እንጨት ከዚያ ላይ ሲወስድ ለብርጭቆ አይበቃም፤ ስለዚህ ብርጭቆው ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል፣ ይፈሳል። ጠረጴዛው 70 በ70 ከሆነ ግን 12.5 ይተርፋል፤ ደህና ነው። ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ የ45ቱ ሰሌዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ወደ 64 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ ባለ 60ው ላይ ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ የሚያልፍ አስተናጋጅ ሁሉ ይገጨዋል።

ጠጠሩን እንደ ዳማ በቆርኪ ልተካ ብለሽ ከሆነ (ርካሽ ነው፣ ሲጠፋም አያናድድም) ካሬው 3.5 ይሁን፤ ቆርኪ ጥርሱን ጨምሮ 3.2 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በ3ቱ ካሬ ላይ አይገባም። ያኔ መጫወቻው 52.5 ይሆናል፤ 70 ጠረጴዛ የግድ ነው። ቆርኪውን ስትቀቢ ቀለም ብቻ አይብቃሽ። ማታ በደብዛዛ መብራት ሰማያዊና አረንጓዴ ይምታታሉ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ። በየቀለሙ ላይ ምልክት ይኑርበት፦ አንዱ ነጥብ፣ አንዱ መስመር፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ባዶ።

ስለ ስድስት ሰው ሰሌዳ የጻፍሽውም አለ። እሱን ስትገዢ ጊዜውን አስቢ። በአራት ሰው ሉዶ አንድ ጠጠር ከወጣበት ካሬ እስከ መግቢያው 56 እርምጃ ነው፤ አራቱ 224። 6 ሲመጣ የሚደገመው ተቆጥሮ አንድ ተራ በአማካይ 4.2 እርምጃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምንም ሳይበላ እንኳ ለአንድ ሰው ወደ 53 ተራ፣ ለአራቱ ወደ 213 ተራ ነው። አንድ ተራ 10 ሴኮንድ ቢወስድ 35 ደቂቃ፤ መበላላትና ለመውጣት መጠበቅ ሲገባበት ከዚያ በላይ። የስድስቱ ዙሪያ ግን 78 ካሬ ስለሆነ አንዱ ጠጠር 82 እርምጃ ይሄዳል፤ በአራት ጠጠር ስድስት ሰው ሲጫወት ወደ 470 ተራ ይሆናል፤ ከእጥፍ በላይ። መፍትሔው ለአንድ ሰው ሁለት ጠጠር ብቻ መስጠት ነው፤ ያኔ ወደ 234 ይወርድና ከአራት ሰው ጨዋታ ጋር ይቀራረባል።

ዳይስ። ተሸናፊው ሂሳብ የሚከፍልበት ጨዋታ ከሆነ ዳይሱ የተስተካከለ መሆን አለበት። መጀመሪያ ትይዩ ገጾቹን ደምሪ፤ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4፣ ሁሌም 7። ቀጥሎ በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ጨምሪና ዳይሱን ጣይበት። የተለመደው ፕላስቲክ ይንሳፈፋል። በጣትሽ እየገፋሽ አሥር ጊዜ ያህል አሽከርክሪው፤ አንድ ቁጥር እየተመለሰ ወደ ላይ የሚመጣ ከሆነ ውስጡ የአየር አረፋ አለበት። የማይንሳፈፍ ከሆነ 120 ጊዜ ጣይውና መዝግቢ፤ እያንዳንዱ ቁጥር 20 አካባቢ ይመጣል፤ ከ12 እስከ 28 ያለው በአጋጣሚ የሚደርስ ነው፣ ከዚያ የወጣውን አትቀበዪው። መስታወት ላይ ዳይስ ስለሚንሸራተት በኩባያ ገልብጠው እንዲጥሉ አድርጊ፤ ከእጅ እየተንሸራተተ የሚወርድ ዳይስ አይገለበጥም።

እንግዲህ ብጠየቅ ሁለት የእንጨት አሠሪ፣ አንድ ጉልላት ያለው፣ አንድ ማግኔት ግዢ፤ ፓርቺዚውን አምስተኛ አድርጊው።

በየጠረጴዛው ሕጉን በአማርኛ ጽፈሽ ለጥፊ። ብዙ ወጣቶች ሉዶን የለመዱት ከስልክ ስለሆነ፣ በተለይ ከሉዶ ኪንግ፣ ስምንት የማይበላባቸው ካሬዎች እንዳሉ ነው የሚያውቁት፦ አራቱ መውጫዎችና ከየመውጫው ስምንት ካሬ አለፍ ብለው ያሉት አራት ኮከቦች። የድሮው የእንግሊዝ ሰሌዳ ኮከብ የለውም። ስቲከር ስታሳትሚ ኮከቦቹን አስገቢ፤ ካልተሣሉ በየጨዋታው ጠብ ነው። ሌሎቹ መጻፍ ያለባቸው፦ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር የሌለው ሦስት ጊዜ ይጥላል፤ ሦስተኛ ተከታታይ 6 ተራውን ያሳጣል፤ ለመግባት ቁጥሩ ልክ መሆን አለበት፤ ጠጠር ተነክቶ ከተለቀቀ አይመለስም፤ መሬት የወደቀ ዳይስ ምንም ቁጥር ይምጣበት አይቆጠርም፣ እንደገና ይጣላል።