ገመዱን የሰካሁት እኔ ነበርኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። የስዊቺንግ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በገመድ በሚያገናኘው ሳጥን (ስዊች) የመሥራት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከስላይድ ግን አላለፈም። ፓኬት ትሬሰር በተባለው የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም ላይ ቪላኑንም (ኔትወርኩን መከፋፈያውን) ትራንኩንም (የተከፋፈሉትን በአንድ ገመድ ማሳለፊያውን) እሠራለሁ። የእውነተኛውን ስዊች ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኔን ጉድ የሠራኝ እጄ አለመንቀጠቀጡ ነው። የፈተና ሰሞን ነበር። ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ካለች ስምንት ፖርት ስዊች አጠገብ ገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ። ወልቆ ነው ብዬ ሰካሁት። ሌላው ጫፉ ለካ እዚያችው ስዊች ላይ ነው! ወዲያው ሕንፃው በሙሉ ኔትወርክ አጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት መብራቶች እንደ አበደ ሰው ይርገበገባሉ። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ለአለቃዬ ለመንገር ደግሞ ሁለት ቀን።

የአይፒ ፓኬት የሚቆጠርለት ዕድሜ አለው። የኢተርኔት ፍሬም (ስዊቹ የሚያስተላልፈው የመረጃ ጥቅል) የለውም፤ ሉፕ (እንደኔ ገመድ ወደ ራሱ የሚመለስ መንገድ) ካገኘ ሲዞር ይኖራል። ይህን እኮ አንብቤው ነበር።

ስለዚህ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሁለት አሮጌ ማኔጅድ (ቅንብራቸው የሚቀየር) ስዊቾች ለምኚ። ከግቢው ኔትወርክ ጋር በፍጹም እንዳታገናኛቸው! እርስ በርስ በሁለት ገመድ አያይዣቸው። ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች ሉፕን የሚከላከሉበት ዘዴ) አንዱን ፖርት ይዘጋዋል። በየስዊቹ አንድ ላፕቶፕ ሰክተሽ ፒንግ (ላፕቶፖቹ መገናኘታቸውን የሚፈትነውን ትእዛዝ) አስጀምሪና የሚሠራውን ገመድ ንቀይ። በድሮው ስፓኒንግ ትሪ (802.1ዲ) 30 ሰከንድ ያህል ትጠብቂያለሽ፤ 15ቱ ለማዳመጥ፣ 15ቱ ለመማር። ወደ ራፒድ (ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ) ቀይረሽ ድገሚው። በመጨረሻ ስፓኒንግ ትሪውን አጥፊና መብራቶቹን እይ። ያን መልክ አንዴ ካየሽው ሌላ ቀን ከበር ላይ ሆነሽ ታውቂዋለሽ።

ሩቱ (ስፓኒንግ ትሪ መነሻ የሚያደርገው ስዊች) የትኛው እንደሆነም ፈትሺ። ሁሉም ስዊቾች ይዘውት በሚመጡት የቅድሚያ ቁጥር፣ 32768 ላይ ከተተዉ ትንሹ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያሸንፋል፤ ብዙ ጊዜ እሱ ደግሞ አሮጌው ነው። ስንት ግቢ አለ፣ አቧራ የጠጣ ሳጥን ሩት ሆኖ የተቀመጠበት! የዋናውን ስዊች የቅድሚያ ቁጥር ወደ 4096 አውርጂው።

ወደ ሠራተኛ ጠረጴዛ በሚሄዱ ፖርቶች ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲደርሰው ፖርቱን የሚዘጋውን) አብሪ። አንዳንድ ርካሽ ስዊች መልእክቱን ስለሚውጠው ስቶርም ኮንትሮልም (ከልክ ያለፈ ትራፊክን የሚገታውን) ጨምሪበት። ያኔ እነዚህ በርተው ቢሆን ኖሮ ኔትወርክ የሚያጣው እኔ የነበርኩበት ክፍል ብቻ ነበር።