ድንቡሼ ማደንዘዣ ይችል ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ግቢያችን ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ ሥራው አልቆ ሲሄድ አንድ ትንሽዬ አሳማ ትቶልን ሄደ። ድንቡሼ እንለዋለን። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነበር። እናቴማ ግቢውን ጠበል ካላስረጨሁ ብላ ነበር። አሁን የሙዝ ልጣጭ የምታስቀምጥለት እሷው ነች። ችግሩ፣ ዓመት ሲሞላው ጠረኑ ከፋ፤ ሰውም መጋፋት ጀመረ። እንዲኮላሽ ብለን ባለሙያ አመጣን። ባለሙያው ኪሎውን በዓይኑ ገምቶ ጭኑ ላይ ማደንዘዣ ወጋው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ድንቡሼ ትንሽ ተንገዳገደ እንጂ አልተኛም። ሊደግመው ሲል እኔ እምቢ አልኩ። ጎረቤታችን ደግሞ «አሳማ ማደንዘዣ አይችልም፣ ሰውነቱ ነዶ ይሞታል» ይላሉ። እውነት ነው? ሌላው እንደ በሬ ይቀጥቀጥ ይላል። ግራ ገባን።
ስ. ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እምቢ ማለትሽ ድንቡሼን ሳያተርፈው አልቀረም።

አሳማ ከቆዳው ሥር ወፍራም ጮማ አለው። መርፌው አጭር ከሆነ መድኃኒቱ ጡንቻ ሳይደርስ ጮማው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ሐኪሙ «አልሠራም» ይልና ይደግመዋል። ቆይቶ የፊተኛውም የኋለኛውም ባንድ ላይ ይደርሳሉ። ያኔ ትንፋሽ ይደክማል። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርሽ። ተማሪ ሳለሁ እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። አሳማው እስኪመሽ አልነቃም። ደረቱ ላይ እጄን አድርጌ ትንፋሹን ስቆጥር ዋልኩ፤ ምሳም አልበላሁ። ከዚያ ወዲህ አሳማ ስወጋ ረጅም መርፌ ይዤ ነው፤ የምወጋውም ከጆሮው ኋላ፣ አንገቱ ላይ።

ሌላም ነገር አለ። እኛ አገር የሐኪሙ እጅ የለመደው ከብት ነው። ዛይላዚን የሚባለውን መድኃኒት ላም በጣም በትንሹ ትተኛለታለች። አሳማ ግን በኪሎ ሲሰላ የላምን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፤ እሱም ብቻውን ሲሰጥ እንደነገሩ ነው። ስለዚህ ኬታሚን ከሚባል ሌላ ማደንዘዣ ጋር ይሰጣል። ኬታሚን ብቻውን ከሆነ ደግሞ ጡንቻውን ያገትረዋል፣ ሲነቃም ይንፈራገጣል።

ኪሎ በዓይን አይገመትም። እህል ነጋዴ ዘንድ ባስኩላ አለ፤ አሳማ ይዘሽ ብትሄጂ የሚሉሽን ግን አውቀዋለሁ። ሜትር ይበቃሻል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ ለኪ። ከጆሮው ሥር እስከ ጭራው ሥር ደግሞ ርዝመቱን። ዙሪያውን በራሱ አባዢ፣ ከዚያ በርዝመቱ፣ ከዚያ በ69.3። ዙሪያው 0.85 ሜትር፣ ርዝመቱ 0.80 ሜትር ከሆነ 40 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው።

ጎረቤታችሁ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ ችግር አለ። ይህ ዘር ያለበት አሳማ ሃሎቴንን የመሰለ በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ ሲያገኘው ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ቆዳው ይጠቋቁራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የካናዳ ተመራማሪዎች መንስኤው አንድ ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አሳይተዋል። በብዛት የታየው ለሥጋ በሚረቡት እንደ ፒዬትሬንና ላንድሬስ ባሉት ዝርያዎች ነው። ቤት ውስጥ በሚለመዱት ትንንሾቹ ላይ ብርቅ ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ቴርሞሜትሩን ከእጁ አያውጣ። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይባላል፤ በየክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የትንፋሹ መተላለፊያ ነው። የአሳማ አፍ ሰፋ ብሎ አይከፈትም። ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ ለመተንፈሻ የሚገባ ቱቦ ሲነካውም ጭምቅ ብሎ ይዘጋል። የምትወስጂበትን ቦታ «ለአሳማ የሚሆን ቱቦ አላችሁ? ኦክስጅንስ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ችግር የለም፣ እንሞክራለን» ከሆነ ተመለሺ።

መቀጥቀጡን እርሺው። የበሬ ቆለጥ የተንጠለጠለ ስለሆነ መቀጥቀጫው የሚይዘው አንገት አለው። የአሳማው ግን ከጭራው ሥር ከሰውነቱ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። በምላጭ ይቆረጥ የሚልም አይጠፋም። በነዚህ ትንንሽ አሳማዎች ላይ ቆለጡ ከሆድ የሚወርድበት ቀዳዳ ሰፊ ሆኖ አንጀት የሚወጣበት ጊዜ ስላለ፣ ቀዳዳውን አጥብቆ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል። በ2 ወይም በ3 ወሩ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር።

ቢሾፍቱ ካንቺ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም እዚያው ነው። መጀመሪያ ደውለሽ አሳማ መሆኑን ንገሪያቸው። ጎህ ሲቀድ ውጡ። አሳማ እንደኛ አያልበውም፤ የአዳማ የቀትር ፀሐይ መኪና ውስጥ ካገኘው ማደንዘዣው ጋ ሳይደርስ ይጎዳል። ምግብ ከቀዶ ጥገናው 12 ሰዓታት በፊት ይቁም። ውሃ ግን ሌሊቱን አትከልክዪው። አሳማ ለረጅም ጊዜ ውሃ ካጣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨው አንጎሉን ይጎዳዋል። ቀዶ ጥገናው 2 ሰዓታት ሲቀሩት አንሺበት።

ጠረኑ በአንድ ቀን አይጠፋም፣ ሳምንታት ይወስዳል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይተኛ። ፀጉሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል። ብርድ ልብስ ያዙለት። ጸጥ ያለ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ሁኑ፤ ስልክም ይጥፋ። ሐኪሙ «ነቅቷል» ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ድንቡሼ በአራት እግሩ ካልቆመ አትልቀቂው። እናትሽ ሙዙን ይዘው እንደሚጠብቁት አልጠራጠርም። ያለ ችግር ውሃ ሲውጥ ካላዩ ግን እንዳይሰጡት።