መግለጫው ለማን ነው የሚጻፈው? ለወጣት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጅማ። አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ «ኮሙኒኬሽን» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ቢሮ ልትቀመጡ ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት የአንድ ቢጫ ጄሪካን ታሪክ ልንገራችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ እሸት ቡና የሚፈለፈልበት። እሠራበት የነበረው ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ የቡና መፈልፈያ ነበረው። ቡና ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ተራ እጣቢ አይደለም። በፍሬው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ስኳር ስላለበት ይቦካል፣ ይኮመጥጣል፤ ወንዝ ሲገባም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ጉድጓድ ተቆፍሮ እዚያ እንዲጠራቀም የሚደረገው ለዚህ ነው። በዚያ ዓመት ምርቱ በዛ፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከታች ያለው ጅረት ጠቆረ።

ሦስት ቀን ዝም አልን። ሥራ አስኪያጁ «የተሟላ መረጃ እስኪመጣ እንቆይ» አሉ፤ እኔም ተስማማሁ። በሦስተኛው ቀን የጻፍኩትን እስከ ዛሬ በቃሌ አስታውሰዋለሁ፦ «የተከሰተው ጉዳይ በሚመለከተው አካል እየተጣራ በመሆኑ ኅብረተሰቡ ራሱን ከአሉባልታ እንዲጠብቅ እናሳስባለን።» ሥራ አስኪያጁ አንብበው «በጣም ጥሩ ነው» አሉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት።

በማግስቱ አንዲት እናት ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ቢሮዬ ገቡ። አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ፣ በመግለጫው ቅጂ ላይ አስቀመጡትና ክዳኑን ከፈቱት። እንደ ሰነበተ አተላ የሚኮመጥጥ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ውሃው ሲፈላ እንደዋለ ሻይ ጠቁሯል። ከጄሪካኑ ሥር ወረቀቱ ረጥቦ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ተበተነ። እኚያ እናት አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ዛሬ ከብቶቼን የት ላጠጣ?»

ለዚህ ጥያቄ መግለጫዬ ውስጥ መልስ አልነበረም። መግለጫው እሳቸው በሚናገሩት ቋንቋ እንኳ አልተጻፈም። «አሉባልታ» ያልኩትም በዓይናቸው ያዩትን፣ ታጥበው ሰውነታቸውን ያሳከካቸው ልጆቻቸው የነገሯቸውን ነበር። ለማን እንደጻፍኩት ያን ዕለት ገባኝ። የጻፍኩት ሥራ አስኪያጁ «ጥሩ ነው» እንዲሉኝ ነበር። ወንዝ ዳር ያሉት ሰዎች ስጽፍ ትዝም አላሉኝ።

ልጆቼ፣ ይህ የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩላችሁ። የሙያችን ልማድ ሆኗል። እስኪ «ተከሰተ» የሚለውን ግስ ተመልከቱት። አድራጊ የለውም፤ ችግሩ ከሰማይ የወረደ ያስመስላል። «ጉድጓዳችን ሞልቶ ወንዙን በከለው» ስትሉ ግን ባለቤቱ ይታወቃል፤ ባለቤት ያለው ነገር ደግሞ መፍትሔ የሚጠየቅበት ሰው አለው። መግለጫችሁን ከማስፈረማችሁ በፊት ግሶቹን አንድ በአንድ እዩአቸው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። በዚያው ቀን የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በአደጋው ስፍራ፣ በስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ አየር መንገዱ አወጣ። ስለ ምክንያቱ ገና ምንም የተረጋገጠ ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ቀሪዎቹን ተመሳሳይ አውሮፕላኖች ከበረራ ማገዱን በማግስቱ አስታወቀ። አምራቹ ቦይንግ ግን ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቆ እያለ፣ በአውሮፕላኑ ደኅንነት ሙሉ እምነት እንዳለው መናገሩን ቀጠለ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ። ሁለቱን ስታነጻጽሩ ስለ ቃላት አመራረጥ ብቻ አታስቡ። አንደኛው መጀመሪያ የሄደው ሰው ወዳለቀበት መስክ ነው፤ ሁለተኛው የተሟገተው ለሚሸጠው ዕቃ ነው።

ወደ እኛ ከተማ ልመለስ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው በስልክ ተዛመተ፤ ጅማም ደረሰ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ የደንበኞች ገንዘብም እንዳልተነካ ገለጸ፤ ይህ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም የደንበኛው የመጀመሪያ ጥያቄ «የእኔ ብር አለ ወይ?» የሚል ነው። በኋላም 801 ሚሊዮን ብር መውጣቱን በቁጥር ተናገረ። ቁጥር መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ሐሜትንም ያሳጥራል። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ መለጠፉን ግን እስከ ዛሬ ልቤ አልተቀበለውም። ባንክ ገንዘቡን ማስመለስ መብቱ ነው። ነገር ግን ስሕተቱ የጀመረው ከራሱ ቤት ሆኖ ሳለ የሃያ ዓመት ወጣትን ፊት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላም ከዚያ ልጅ ላይ የማይነሣ ነገር ይተዋል። የእናንተ አስተያየት ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ቢያንስ ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን ስብሰባው ውስጥ ያላችሁ እናንተ ናችሁና አፋችሁን ከፍታችሁ ተናገሩ።

የሕግ አማካሪው «ይቅርታ ካላችሁ ጥፋት አመናችሁ ማለት ነው» ማለቱ አይቀርም። አትጣሉት፤ ሥራው ነው። እናንተም የተረጋገጠውን ብቻ ጻፉ፦ ወንዙ መበከሉን፣ ማዘናችሁን፣ ዛሬ ምን እንደምታደርጉ። ያልታወቀውን «ገና አናውቅም» በሉ። የምትመለሱበትንም ሰዓት ቁረጡ፤ «10 ሰዓት ላይ እንነግራችኋለን» ካላችሁ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ በ10 ሰዓት ተገኙ። ከሁሉ በፊት ግን የበሩን ዘበኛ አነጋግሩ። ሕዝቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ እሱ ምንም ካልተነገረው «እኔ ምን አውቄ» ይላል፤ ሰፈሩም «ዘበኛው እንኳ ደብቆናል» ብሎ ይሄዳል።

እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ጄሪካኑን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባሁና ክዳኑን ከፈትኩላቸው። ብዙ ሳይቆዩ መስኮቱን ከፈቱ፤ ከዚያ ስልክ አነሡ። በማግስቱ ጠዋት የውሃ ቦቴ ይዘን ወደ መንደሩ ወረድን። ሥራ አስኪያጁ በሽማግሌዎቹና በእድሩ ዳኛ ፊት ቆመው ጉድጓዱ የእኛ መሆኑን፣ እስኪጠገን መፈልፈያው እንደሚቆም፣ ውሃ በየቀኑ እንደሚመጣ ተናገሩ፤ እኔ በኦሮምኛ አስተረጎምኩ። እኚያ እናት ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ወደ ቦቴው ተጠግተው በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱት። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ጄሪካኖቹን እንዲያመጣ ላኩት።