ስምምነት ከመጽደቁ በፊት አንብቡት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከደሴ ተነስታችሁ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ የአንቶኔሊ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ስለ አንቀጽ 17 ያልሰማ ወሎዬ የለም። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» አለ፤ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ማለት ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1882፣ ኢጣሊያ ይህን አንቀጽ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

እኔ ዛሬ እንድታዩልኝ የምፈልገው ግን ብዙ ሰው የማያነባቸውን ሁለት ሌሎች አንቀጾች ነው። አንቀጽ 19 ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ይስማማሉ፣ እኩል እምነት ይጣልባቸዋል ይላል። ስለዚህ ልዩነት ሲመጣ የትኛው እንደሚጸና የሚወስን ቃል አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹ ልዩነት ሊኖር እንደሚችል እንኳ አላሰቡም ወይም እንዳላሰቡ ሆኑ። አንቀጽ 16 ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ ማሻሻያ የሚፈልግ ወገን ከ1 ዓመት በፊት ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የተሰጠ መሬት ግን አይነካም። ቁጥሩን አስሉት። ውሉ 5 ዓመት የሚሞላው በ1886 ሚያዝያ ነው፤ ማስታወቂያው ከ1885 ሚያዝያ በፊት መድረስ አለበት። አፄ ምኒልክ ውሉን እንደማይቀበሉ ያስታወቁት በየካቲት 1885 ነው። ከዐድዋ 3 ዓመት በፊት፣ በውሉ በራሱ በር ወጡ ማለት ነው። ስለ ዐድዋ ስትዘፍኑ ይህን የቀን ስሌትም አስታውሱት።

ሉዓላዊነት የሚለው ቃል ዛሬ በየሻይ ቤቱ ይነሳል፤ መነሳቱም ያስደስተኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ መምጣቱ ነው። ስለዚህ መንገዱን በቅደም ተከተል እወቁት።

ስምምነት መጀመሪያ ይደራደሩበታል፣ ከዚያ ይፈረማል። ፊርማ ብቻውን፣ ስምምነቱ ራሱ በፊርማ ይጸናል ካላለ በቀር፣ አገርን አያስርም። ግን ባዶም አይደለም፤ የፈረመ መንግሥት እስኪያጸድቅ ድረስ የስምምነቱን ዓላማ የሚያፈርስ ሥራ እንዳይሠራ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ስምምነቶች ሕግ የተደረገው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 18 ይጠይቃል። (ኢትዮጵያ ይህን የቪየና ስምምነት ራሱን እ.ኤ.አ. በ1970 ፈርማ አላጸደቀችውም፤ የተባበሩት መንግሥታትን የባሕር ሕግ ስምምነትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1982 ፈርማ አላጸደቀችውም። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ የምታንቀሳቅሱ ልጆች የባሕር ሕጉን አንቀጽ 125 ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ወደብ አልባ አገሮች ስላላቸው የመተላለፍ መብት ይናገራል፤ ዝርዝሩን ግን ለአገሮቹ ስምምነት ይተወዋል።) ከፊርማ በኋላ ሰነዱ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከዚያም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 የማጽደቅ ሥልጣኑን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። አሠራሩን አዋጅ ቁጥር 1024/2009 ይዘረዝረዋል። ምክር ቤቱ ለቋሚ ኮሚቴ ሊመራው ይችላል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በመጨረሻም የማጽደቂያ ሰነዱ ስምምነቱ በሚለው ቦታ ይቀመጣል ወይም ከሌላው ወገን ጋር ይለዋወጣል። በዓለም ፊት የሚያስረው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ሰው መሥራት የሚችልበት ጊዜ ሰነዱ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጥቶ ድምፅ እስኪሰጥበት ያለው ነው። አጭር ነው፤ ለኮሚቴ ሳይመራ በቀረበበት ቀን የሚጸድቅ የብድር ስምምነትም አለ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር እዚህ ጋ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የምታገኙት የማጽደቂያ አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው፦ አጭር ርዕስ፣ ስምምነቱ ጸድቋል የሚል አንቀጽ፣ የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት፣ አዋጁ የሚጸናበት ቀን። ስምምነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አብሮ አይታተምም። አዋጁን ያነበበ ሰው ስምምነቱን ያነበበ ይመስለዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ ዳኛውና ጠበቃው ግን ያንን የሕግ አካል በእጃቸው ላያገኙት ይችላሉ። ይህ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ጉድለት ነው። ኮሚቴውን ስትጠይቁ «ሙሉ ሰነዱን ከነዓባሪዎቹ» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ቋንቋ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ አማርኛው ይጸናል፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይህን ይላል። ይህ ግን ለአዋጆቻችን ነው። የዛሬዎቹ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች አብዛኛውን ጊዜ እኩል የሚታመኑት በዐረብኛ፣ በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በስፓንኛ ነው። የሌሎቹም የቋንቋ አንቀጽ በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ለእንደራሴዎቻችን የሚቀርበው አማርኛ ትርጉም ብቻ ከሆነ፣ ከውጫሌ የባሰ ነው፤ ያኔ ቢያንስ አማርኛችን እኩል ነበር።

እንግዲህ አነባበቡ። ከመጨረሻው ጀምሩ። መቼ ይጸናል? የአባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢንቴቤ ላይ የተፈረመው ግንቦት 6 ቀን 2002 ነው፤ ምክር ቤታችን በሰኔ 2005 አጸደቀው፤ የጸናው ግን ጥቅምት 3 ቀን 2017 ነው። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ 6ኛው የማጽደቂያ ሰነድ ከተቀመጠ በ60ኛው ቀን ይጸናል። 6ኛዋ ደቡብ ሱዳን ነበረች። ኬንያ ፈርማ ነበር፣ እስከዚያ ቀን ግን አላጸደቀችም፤ ስለዚህ አልተቆጠረችም።

ከዚያ ተዓቅቦ (አገር ስምምነት ስትቀበል አንዳንድ ግዴታን የምታስቀርበት ወይም የምትገድብበት መግለጫ) ይፈቀዳል ወይ? ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 የኒው ዮርኩን የውጭ የግልግል ፍርድ ስምምነት ስታጸድቅ ዝም ብላ አልገባችም፤ ለንግድ ጉዳይ ብቻ፣ በእኩል ምላሽ (የስምምነቱ አባል በሆነ አገር ለተሰጠ ፍርድ ብቻ)፣ ከገባችበት ቀን በኋላ ለተደረጉ የግልግል ውሎች ብላ ወስናለች። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ተዓቅቦን ግን ከጸደቀ በኋላ ማምጣት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ክርክር ማን ይፈታዋል የሚለውን በጣም በዝግታ አንብቡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት አንቀጽ 4 የድንበር ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተደረጉትን የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና ዓለም አቀፍ ሕግን መሠረት እንዲያደርግ አዘዘ፤ በርትዕ፣ ማለትም ከሕጉ ወጥቶ ፍትሕ መስሎ በታየው፣ እንዳይፈርድ ከለከለ፤ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው አለ። ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 በሰጠው ውሳኔ የተነሳ ስለ ባድመ የተሰማው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ በመሬቱ ላይ መኖሩን ለፍትሕ ብሎ የሚመዝን ዳኛ የሚገባበት በር ከውሳኔው 1 ዓመት ከ4 ወር በፊት በነዚያ ንዑስ አንቀጾች ተዘግቶ ነበር።

ማሻሻያው እንዴት ይመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ ስምምነት በግንቦት 2017 ሲወጣ «ሉዓላዊነታችን ተወሰደ» የሚል ወሬ በስልካችሁ ደርሷችኋል። ያ ሰነድ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት የአገሮችን ሕግ የማዘዝም ሆነ የመቀየር ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ይላል፤ እንዲጸናም 60 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ወሬው ሌላውን ረሳው። የዓለም አቀፍ የጤና ደንቦች የ2016ቱ ማሻሻያ ግን የሚሠራው በዝምታ ነው፦ ከተገለጸለት በ10 ወር ውስጥ አልቀበልም ያላለ አገር እንደተቀበለ ይቆጠራል። ቀኑ ሐምሌ 12 ቀን 2017 አለፈ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ጸና። ማሻሻያው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላልኩም። ጩኸቱ ግን ጊዜ የነበረውን ሰነድ ይዞ ጊዜው የሚያልቀውን አላየም።

በብድር ስምምነት ውስጥ ደግሞ ዋናው ጽሑፍ አጭር ሆኖ «አጠቃላይ ሁኔታዎች» የሚባል ሌላ ሰነድ በማጣቀሻ ይገባል። የማን አገር ሕግ ይገዛዋል፣ መንግሥት ያለመከሰስ መብቱን ትቷል ወይ፣ በሌላ ብድር መዘግየት ይህንንም ያስጠይቃል ወይ የሚሉት እዚያ ነው ያሉት።

ከስምምነት ሁሉ መራቅ ይሻላል የምትሉ ልጆች አላችሁ። ለእናንተ ከአዋሽ ማዶ ምሳሌ አልፈልግም፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይበቃል። ልብስ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ያስገባ የነበረው አጎዋ ስምምነት አልነበረም፤ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሰጪው በየዓመቱ እያየ ይሰጣል፣ ይነሳል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወገድ የምንጠቅሰው አንቀጽ፣ የምንሄድበት ገላጋይ አልነበረንም። ያልታሰረ እጅ ለሌላውም ያልታሰረ ነው።

ሕገ መንግሥቱ የበላይ ነው፣ የሚቃረነውን ስምምነት ፍርድ ቤት ይጥለዋል የሚልም አለ። አገር ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ሳይሆን በፌዴሬሽን ምክር ቤት በኩል፣ ያስኬድ ይሆናል። ውጭ ግን የራስን ሕግ ጠቅሶ ከግዴታ ማምለጥ አይቻልም። ሁለቱ የሚታረቁት ከማጽደቅ በፊት ብቻ ነው።

አሁን ሥራው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ አማርኛውን፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ይያዝ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ግሱ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። እንግሊዝኛው «ሻል» ሲል አማርኛው «አለበት» ይላል ወይስ «ይችላል»? «ጥረት ያደርጋል» የሚለው «ያደርጋል» ሆኖ ተተርጉሟል? የተለያየውን አስምሩ፤ የአንቀጽ ቁጥሩን፣ ሁለቱን ቃላትና ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ እንደራሴያችሁና ለቋሚ ኮሚቴው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙ። የመጀመሪያውን ልምምድ በውጫሌ አንቀጽ 17 አድርጉት፤ ሁለቱም ጽሑፍ ይገኛል፣ ቦታውም ሩቅ አይደለም።