የቀጥታ ስርጭቱ አልከፈት ሲል መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ሲና ነው፤ ጠያቂው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የቆየ ኮምፒውተራቸው ብራውዘር መሸከም ስላቃተው የወንድማቸው ልጅ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ስርጭትን ከድረ ገጽ አውጥቶ የሚያቀብለውን ስትሪምሊንክ እና ቪዲዮ የሚያጫውተውን ኤምፒቪ ጭኖላቸው፣ የሩጫ ውድድርና የቅዳሴ ስርጭት በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ሲከታተሉ ቆይተዋል። አሁን ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ትእዛዙ ስለ ሰርተፊኬት የሚያወራ ረጅም የስሕተት ጽሑፍ ያወርድባቸዋል። በለስ ቀንቷቸው ሲከፈት ደግሞ ማታ ማታ ምስሉ እየደረቀ ያስቸግራቸዋል። «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ ገና ልጫነው ወይ?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ምንም አያጥፉ። ችግሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

የመጀመሪያውን የነገረኝ «መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር» ያሉት ነው። ተርሚናሉ ላይ «ዴት» ብለው ይጻፉና የሚመጣውን ቀን ይመልከቱ። (ትእዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው፤ ሲያስገቡ በላቲን ፊደል ይሁን።) ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቅለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ስታልቅ ማሽኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሣል። የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፊኬት (ድረ ገጹ እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ) ደግሞ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ የእርስዎ ማሽን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያለ ስለሚመስለው «ገና አልጸናም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት፤ አሮጌዋን አውጥተው ላይዋ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይግዙ።

ባትሪው ደኅና ሆኖ በዚሁ ስሕተት የሚመጡልኝ ማሽኖችም አሉ። ባለቤቱ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ነው! በ2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ «2018» ብሎ ያስገባል፤ ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጣላል። የሰዓት ክልሉን አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ላይ አድርገው ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያስተካክል ይፍቀዱለት፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይንኩት። «ሰርተፊኬቱን አትመርምር የሚል አማራጭ ጨምርበት» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉ። በሩ አልከፈት ስላለ ቁልፉን ነቅሎ መጣል ነው።

ቀኑ ተስተካክሎም ካልከፈተ የስሕተቱን ጽሑፍ ረጋ ብለው ያንብቡት። ሰው ሁሉ ቀይ ጽሑፍ ሲያይ መስኮቱን ይዘጋል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ስትሪምሊንክ «ይህን አድራሻ የሚያስተናግድ ፕለጊን (አንድን ድረ ገጽ የሚያስነብበው ተጨማሪ ክፍል) የለም» ካለ፣ ወይ አድራሻው ተሳስቷል ወይ ድረ ገጹን አያውቀውም። «የሚታይ ስርጭት አልተገኘም» ካለ ግን ገጹን አውቆታል፤ ስርጭቱ አልተጀመረም፣ አለዚያም ድረ ገጹ አሠራሩን ቀይሮ የእርስዎ ስትሪምሊንክ አርጅቷል። ከሊኑክሱ የፕሮግራም ማከማቻ የሚጫነው ዝርያ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ስለሆነ በፓይተን ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን በሚጭነው በፒፕኤክስ በኩል አዲሱን ቢያስገቡ ይሻላል። 403 የሚል ቁጥር (ተከልክሏል ማለት ነው) ከመጣ ደግሞ ትናንት ገልብጠው ያስቀመጡት የስርጭት አድራሻ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። የዋናውን ገጽ አድራሻ ይስጡት፤ ውስጡን ፈልጎ ማግኘት የእሱ ሥራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አድራሻውን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያድርጉት። አድራሻው መካከል & የሚል ምልክት ካለ ተርሚናሉ እዚያ ላይ ቆርጦ የቀረውን እንደ ሌላ ትእዛዝ ይወስደዋል። እርስዎ ሙሉውን የላኩ ይመስልዎታል፤ ስትሪምሊንክ የደረሰው ግማሹ ነው።

ወደ ማታው መድረቅ ልምጣ። ከመገመት በፊት ጥፋቱ የኔትወርኩ ይሁን የማሽኑ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚለይ ቀላል ዘዴ አለ። ስርጭቱን ወደ ኤምፒቪ ከመላክ ይልቅ፣ ሰረዝ ኦ ጨምረው የፋይል ስም በመስጠት ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ስትሪምሊንክ የጻፈውን መጠንና ፍጥነቱን እያሳየ ይሄዳል። ቁጥሩ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ እየቆመ የሚነሣ ከሆነ ችግሩ ኔትወርኩ ነው። እንዲህ ሳይቆም ካደገ ግን ኢንተርኔቱን አጥፍተው ፋይሉን በኤምፒቪ ይክፈቱት፤ እዚያም ከተንገዳገደ ማሽኑ ነው የደከመው። ለደከመ ማሽን ኤምፒቪ ላይ የቪዲዮ ካርዱ እንዲያግዘው የሚያደርገውን «ኤችደብሊውዴክ» የሚባል አማራጭ «ኦቶ» ብሎ መጨመር ይጠቅማል።

ማታ ማታ ብቻ መሆኑን ሳስበው የእርስዎ ኔትወርኩ ይመስለኛል፤ ያ ሰዓት ሁሉም ስልኩን የሚከፍትበት ነው። ትእዛዝዎ መጨረሻ ላይ «ቤስት» የሚል ቃል ካለ ትልቁን ጥራት እያስጎተቱት ነው፤ በ«480ፒ» ይተኩት። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚፈልግ ስርጭት በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ 1.5 ሜጋቢት የሚፈልገው ግን 675 ሜጋባይት ብቻ። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለቅዳሴው ድምፅ ብቻ ከበቃዎት ደግሞ አድራሻውን ያለ ጥራት ስም ይስጡት፤ ያሉትን አማራጮች ይዘረዝርልዎታል፣ ድምፅ ብቻ የሚል ካለ እሱን ይምረጡ።

ሌላው «ኤችኤልኤስ ላይቭ ኤጅ» የሚባለው አማራጭ ነው። ስርጭቱ የሚመጣው ጥቂት ሴኮንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ሲሆን፣ ስትሪምሊንክ ካልተነገረው በቀር ከመጨረሻው ሦስት ቁርጥራጭ ወደ ኋላ ብሎ ይጀምራል። ቁጥሩን 6 ቢያደርጉት ኔትወርኩ ሲዝል የሚመኩበት ስንቅ ይኖርዎታል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ዲሽ ያላቸው ጎረቤትዎ እልል ሲሉ የእርስዎ ሯጮች ገና የመጨረሻው ዙር ላይ ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ትእዛዙን «ሎግሌቭል ዲበግ» የሚል ጨምረው እንደ ገና ያሂዱትና የወጣውን ሙሉውን ጽሑፍ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ የስልክ ፎቶ አይሁን። ሲልኩ ግን ኩኪ (ድረ ገጹ እርስዎን የሚያውቅበት ምልክት) ወይም የይለፍ ቃል ያለበት መስመር ካለ አስቀድመው ያጥፉት።